በጠመኔ የጻፍኩት ስም

ሰው ለመናቅ ትምህርት አያስፈልግም። እኔ ሦስተኛ ክፍል ደርሼ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ በዚህ ሙያ ግን ማንም አይደርስብኝም። ጎንደር ውስጥ ከአንድ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት ማኪናዬን ዘርግቼ አርባ ዓመት ተቀምጫለሁ። ከዚያ ሆኜ አላፊ አግዳሚውን ስንቅ እውላለሁ። ትከሻው የማይሞላውን ኮት የለበሰውን እንቃለሁ። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ መንገድ ለመንገድ የሚጮኸውን እንቃለሁ። አንደበቴ ለስላሳ ስለሆነ ማንም አያውቅብኝም። «አያ ሙላት እኮ ገር ሰው ነው» ይላሉ። ገርነቴ ከከንፈሬ አያልፍም።

የምነግራችሁ አያቴን የቀበርንበትን ቀን ነው። ያን ቀን ከጠዋት ጀምሬ ሰው ስንቅ ውዬ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የምንቀው ሰው አለቀብኝ። የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርሁ።

አያቴን እናና እላት ነበር። ሀገሬው እመት የውብዳር ይላታል። በልጅነቷ ተድራ እናቴን ወለደች፤ እናቴም በልጅነቷ ተድራ እኔን ወለደች። ስለዚህ በእኔና በአያቴ መካከል ያለው ሠላሳ ዓመት ብቻ ነበር። እናቴ በወሊድ ስለሞተች ያሳደገችኝ እናና ናት። እኔም ሸብቼ አብረን ገበያ ስንወጣ የማያውቀን ሰው «ወንድምሽ ነው?» ይላታል። «አዎ፣ ታናሼ ነው፤ አላድግ ብሎ ነው» ትለዋለች።

ቤቷ ወገራ ነው፤ ከአምባ ጊዮርጊስ ከተማ አንድ ሰዓት በእግር ገባ ብሎ፣ ከኪዳነ ምሕረት አጥር ሥር። ቤተ ክርስቲያን ሳትስም የዋለችበት ቀን አላስታውስም። ታማ እንኳ ከአጥሩ ወዲህ ቆማ ትሳለም ነበር። ጾሙን ትጾማለች፣ ትቆርባለች፣ ካላት ላይ ለእስረኛ ስንቅ ትልካለች። ግን እንደ አንዳንዱ ጻድቅ ነኝ ባይ አንገቷን ሰብራ አትሄድም። ምላሷ ምላጭ ነበር። በዐቢይ ጾም አንዲት ጎረቤታችን ሰው ስታማ ሰምታ፣ «ቅቤ መተውማ አህያም ትተዋለች፤ አንቺ ሐሜት ተዪ» አለቻት። አንድ ባለጸጋ ለቤተ ክርስቲያኑ ምንጣፍ ሰጥቶ ስሙን በትልቁ ሲያስጽፍበት ደግሞ፣ «ምነው፣ ኪዳነ ምሕረት የማታውቀው መሰለው?» ብላ ሄዳ ጫማዋን አውልቃ ስሙ ላይ ቆመች።

ጎረቤቷ አያ ቢረሳው ይባላል። ማሳው ከማሳዋ ይዋሰናል። ባረሰ ቁጥር የወሰኑን ድንጋይ ስንዝር ስንዝር እየገፋ አንድ ክንድ ተኩል ገባባት። ከሰሰችው። ስንት ዓመት ወደ ከተማ ፍርድ ቤት ተመላለሱ። መንገዱ አንድ ነው፤ ሌላ የለም። እርሷ ከፊት፣ እርሱ ከኋላ። አንድ ቀን አብሬያት ስሄድ ወንዙ ዘንድ ደረስን። ተቀምጣ ስንቋን ፈታች፤ ዳቦውን ለሁለት ገመሰችና ዘወር ብላ፦

«እንካ አንተ ሌባ፣ ብላ» አለችው።

ተቀብሎ በላ። እኔ ደሜ ፈላ።

«ምነው እናና? ከሳሹ አይደለሽም?»

«ክሱ ዳኛው ዘንድ ነው። እዚህ ያለው ረሃብ ነው» አለችኝ።

ዳኛው ፈረደላት። ቢረሳው ድንጋዩን ወደ ቦታው መለሰ። እኔ ግን ቂሜን አልመለስኩም። ከዚያ ወዲያ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነፈግሁት። አረቄ እንደሚወድ ስሰማ ደስ አለኝ። ሚስቱ ሞታ ልጆቹም ተበትነው ብቻውን ቀረ ሲሉኝ፣ «ድንጋይ ሲገፋ ቤቱን ገፋው» አልኩ። በለስላሳ አንደበቴ ነው ያልኩት።

የክርስትና ስም ነገር ለምታውቁት አዲስ አይሆንባችሁም። በእኛ ሀገር አሮጊት የክርስትና ስሟን አታወጣም፤ መተተኛ እጅ ይገባል ብላ ትፈራለች። እናና ደግሞ ከሁሉም የባሰች ናት። ስሟን የሚያውቁት እርሷና የነፍስ አባቷ ብቻ ነበሩ፤ ሲያቆርቧትም የኖሩት እርሳቸው ናቸው። ሰው ሲሞት ግን ያ ስም ይፈለጋል። ፍትሐት የሚደረስለት በእርሱ ነው። «የውብዳር» ብሎ የሚጸልይላት ቄስ የለም።

ባለፈው ዓመት ክረምት ሲገባ የነፍስ አባቷ ዐረፉ። በሳምንቱ በደብሩ ዲያቆን ስልክ ደወለችልኝ።

«ሙላት፣ ብዕር ያዝ።»

«ምነው እናና፣ በደኅና?»

«አባ ስሜን ይዘውት ሄዱ። ሌላ የሚያውቀው የለም። አንተ ጻፍልኝ።»

በዚያች ሰዓት አንድ የሳንጃ ሰሊጥ ነጋዴ ራሴ ላይ ቆሟል። የጭነት ማኪናው መንገድ ዳር ቆማ ታጓራለች። «ሱሪዬን! ሱሪዬን!» ይላል። እጄ ላይ የነበረው የልብስ ጠመኔ ነው፤ ጉልበቴ ላይ የነበረው የእርሱ ሱሪ ነው። ስሟን ነገረችኝ። በወለተ ቢጀምርም እንደ ብዙው ሴት ወለተ ማርያም፣ ወለተ ሚካኤል የሚባል አይደለም፤ አዘውትሮ የማይሰማ ስም ነው። የሱሪውን የግራ እግር ገልብጬ ከውስጥ በኩል ጻፍኩት።

«ጻፍኸው?»

«ጽፌዋለሁ።»

«በል አንብብልኝ።»

አነበብኩላት።

«ሸጋ» ብላ ዘጋች።

ነጋዴው ደግሞ ጮኸ። ሱሪውን መለስሁት፣ እግሩን አጥፌ ሰፋሁት፣ ተኩሼ ሰጠሁት። ሄደ። ሻይ አስመጥቼ ግማሹን ጠጥቼ ነው ትዝ ያለኝ። የእናናዬ ስም በአንድ ሰሊጥ ነጋዴ ሱሪ ውስጥ ተሰፍቶ ሳንጃ ወርዷል።

ከራሴ ለማውጣት ታገልኩ። የመጀመሪያዋ ቃል አለች፤ ሁለተኛዋ የለችም። መልሼ እንዳልደውል አፈርኩ። «ነገ እጠይቃታለሁ» እያልኩ ክረምቱ አለፈ። በመስከረም ልጠይቃት ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ፀሐይ እየሞቀች፦

«ስሜን ይዘኸዋል?» አለችኝ።

«ይዤዋለሁ።»

«የት?»

«ልቤ ውስጥ።»

ብዙ አየችኝ። «ኪሱ ቀዳዳ እንዳይሆን ብቻ» አለችና ዝም አለች። በዚያች ሰዓት «ጠፋብኝ፣ ድገሚልኝ» ብል ምን ነበረበት? አንድ ቃል ነው። አላልኩም። እኔ ሰውን «ረሳ፣ ዘነጋ» እያልሁ የምንቅ ሰው፣ ረሳሁ ማለት ሞት መሰለኝ።

በየካቲት፣ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ዲያቆኑ ደወለ። «አያ ሙላት፣ እግዜር ያጽናህ» አለ።

በማግሥቱ ጠዋት ስደርስ የአጎቴ ልጅ ጌትነት ቀድሞኛል። እርሱም የእናና የልጅ ልጅ ነው። ጎንደር አጠገብ ፀዳ ላይ ፎቅ ሠርቷል። አሥራ አንድ ዓመት የእናናን ደጅ አልረገጠም። አሁን ግን ማኪኖቹን መንገዱ እስካለቀበት ድረስ ነድቶ፣ ከዚያ ወዲህ ድምፅ ማጉያውን በበቅሎ አስጭኖ፣ መስታወት ያለው የሬሳ ሳጥን በሰው አሸክሞ ገብቷል። አጥሯ ላይ የበር ያህል ባነር ተሰቅሏል። ፎቶዋ ከመታወቂያዋ ላይ ተነሥቶ የተለጠጠ ነው፤ የካሜራው ብልጭታ ዓይኗን ወግቷት ስለነበር ፊቷን አጨማድዳለች። በባነሩ ላይ ሆና የምትቆጣን ትመስላለች። ከሥሯ የልጅ ልጆቿ ስም ከነማዕረጋቸው ተደርድሯል፤ ኢንጂነሩ፣ ዶክተሩ፣ ሥራ አስኪያጁ። ምንጣፉን አስታወስኩና በሆዴ ሳቅሁ።

ቪዲዮ የሚያነሣ ሰውም መጥቷል። ሴቶቹ ደረት እየመቱ ሲያለቅሱ እጁን አነሣና፦

«እናቶቼ፣ ይቅርታ፣ ይችን ለቅሶ አንዴ ድገሙልኝ። ፀሐዩ ከፊት መጣብኝ» አለ።

ከመካከላቸው አንዷ እንባዋን እየጠረገች፣ «አንተ ፀሐዩን አዙረው እንጂ» አለችው።

ከዚያ የሕይወት ታሪኳ ይነበብ ተባለ። ተከራይቶ የመጣ አንባቢ ነው፤ ድምፁ እንደ ራዲዮ ነው። «ክብርት እመት የውብዳር... የልጅ ልጃቸው አቶ ጌትነት በእርጅናቸው ዘመን እንደ ዓይን ብሌን ሲንከባከቧቸው ቆይተው...» ጌትነት አንገቱን ደፋ። እኔ እጅጌውን አየሁት፤ በሁለት ጣት ይረዝማል። ውድ ኮት ነው፤ የሰፋው ሰው ግን አልለካውም። ለካሁት፣ ናቅሁት፣ ጨረስኩት። ስለ ወንዙ ዳር ዳቦ አልተነበበም። ስለ እስረኞቹ ስንቅ አልተነበበም።

በዚህ መካከል አንድ ሰው ክንዴን ነካኝ። አያ ቢረሳው ነው። አሮጌ ጋቢ ለብሷል፤ አረቄ አረቄ ይሸታል።

«አያ ሙላት፣ አንዲት ነገር...»

«ምን ቀረህ?» አልኩት። «ዛሬም ወሰን ልትገፋ ነው? መቃብሯ ላይ?»

«ኧረ አይደለም። ስለ ፍትሐቱ...»

«ዞር በል። ትንፋሽህ ለሬሳ አይሆንም።»

በዝግታ ነው ያልኩት፤ ሰው አልሰማም። አጥሩ ጥግ ሄዶ ተቀመጠ። ደስ አለኝ። ይህን አልደብቃችሁም፤ በዚያ ቀን ከተናገርኩት ሁሉ ልክ የመሰለኝ እርሱ ነበር።

ካህናቱ ተሰበሰቡ። ቄሰ ገበዙ መጽሐፉን ገለጡና ወደ እኛ ዞሩ።

«ስመ ክርስትናዋ?»

ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«የሟቿ ስመ ክርስትና ማን ነው?»

ኢንጂነሩ ዶክተሩን አየው፤ ዶክተሩ ሥራ አስኪያጁን አየ። አንባቢው ወረቀቱን እየገለበጠ ፈለገ። ጌትነት ጉሮሮውን ጠረገ።

«አባቴ፣ ወለተ ማርያም ይበሏት። አሮጊት ሁሉ ወለተ ማርያም አይደለች?»

«ልጄ፣» አሉ ቄሰ ገበዙ፣ «አንተን ሲጠሩህ ወንድ ሁሉ ጌትነት ነው ብለው ነው? በሌላ ሰው ስም እርሷን አልፈታም። ዕድሜዋን ሙሉ ደጃችንን የጠናች ናት። ዛሬ ስም የለሽ አድርጌ አልሰዳትም።»

«እርስዎ አላቆረቧትም?» አላቸው አንዱ።

«ያቆረቧት ነፍስ አባቷ ናቸው። ያሉበትን ታውቃለህ፤ ሄደህ ጠይቃቸው።»

ያን ጊዜ አንዲት ሴት ከኋላ ጮክ ብላ፦ «ምን ትጨነቃላችሁ! አያ ሙላት አለ አይደል? እርሱን ነው ያሳደገችው!» አለች።

ሰው ሁሉ ዞረ። ቪዲዮ አንሺውም ካሜራውን አዞረብኝ። ሬሳዋ መሬት ላይ ነው። ካህናቱ ቆመዋል። አፌን ከፈትኩ፤ «ወለተ...» አልኩ። ደገምኩ፤ «ወለተ...» ከዚያ ወዲያ የለም።  ባነሩ በነፋስ ይርገበገባል።

«ጠፋኝ» አልኩ።

«ጠፋኝ ማለት?» አሉ ቄሰ ገበዙ።

«ነግራኝ ነበር። ጽፌው ነበር።»

«ወረቀቱ የት አለ?»

«ወረቀት አይደለም። በጠመኔ ነው የጻፍኩት።»

«ምን ላይ?»

«ሱሪ ላይ።»

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ጌትነት ብቻ በአፍንጫው ተነፈሰ። «አያ ሙላት፣» አለ፣ «ባነር አሠራህ ብለህ ከጠዋት ጀምሮ በዓይንህ ስታርደኝ ነው የዋልኸው። እያየሁህ ነበር። እኔ ቢያንስ ፎቶዋን ሰቅያለሁ። አንተ ስሟን ለሰው ሱሪ ሰፋኸው!»

እውነቱን ነው። ያ ባለ ረጅም እጅጌ፣ ያ አሥራ አንድ ዓመት የጠፋ ሰው፣ እውነቱን ነው። አያቴን ለቀባሪ አቅርቤ ስሟን የበላሁት እኔ ነኝ። እርሱ አልጠየቀም፤ አልተነገረውም። እኔ ተነግሮኝ፣ አንብቤ፣ «ይዤዋለሁ» ብዬ ዓይኗን እያየሁ ዋሽቻለሁ። ሌላውን ሁሉ በምለካበት ሜትር ራሴን ብለካ ለቁልፍ ማልበሻ የሚሆን ጨርቅ አይወጣኝም።

ከአጥሩ ጥግ ድምፅ መጣ።

«እኔ ዘንድ አለ።»

ቢረሳው ተነሥቶ ቆሟል።

«ምን አለህ?» አሉት ቄሰ ገበዙ።

«ስሟ።»

«ጠጥቷል፣ ተዉት» አለ አንዱ። ጌትነትም «አስወጡት» አለ። እኔ የምናገርበት ፊት አልነበረኝም። ቄሰ ገበዙ ግን እጃቸውን ዘርግተው «ወደዚህ ና» አሉት። ጋቢውን አጣፍቶ መጣ። ጫማውን አወለቀ። ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብሎ አንሾካሾከ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«አባቴ፣ ዘወትር እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ሦስት ጊዜ እላታለሁ፤ እንዳትጠፋብኝ። ከጠጣሁም በኋላ እላታለሁ። ትንፋሼ ይሸታል እንጂ ስሙ አልተሳሳተም።»

ይህን ሲል አላየኝም። ቢያየኝ ይቀለኝ ነበር።

ፍትሐቱ ተጀመረ። ቄሰ ገበዙ ስሟን ሲጠሩ ሁለተኛዋ ቃል ጆሮዬን እንደ ጥፊ መታችኝ። እርሷው ናት። ጠመኔው፣ የሱሪው ግራ እግር፣ «ሸጋ» ያለችበት ድምፅ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሰው ለእናና ያለቀስኩ መስሎት ትከሻዬን ያዘኝ። ለእናና አልነበረም።

ቀብረናት ሰው ሲበተን ቢረሳውን ፈለግሁት። በማሳው ዳር ከወሰኑ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ቆምኩ።

«ምነው ለአንተ ነገረችህ?»

«አትቀየመኝ አያ ሙላት።»

«ንገረኝ።»

«በመስከረም አንተ በሄድህ ማግሥት እዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጠራችኝ። ‹ሙላት ይዤዋለሁ ብሎኛል፤ ዓይኑ ግን አልያዘውም› አለችኝ። ‹አንተ ሌባ ነህ፤ የያዝኸውን አትለቅም። ያዝልኝ› አለችኝ።»

ወደ ማሳዋ ዞርኩ።

«የእኔንም ስም ሰጠኋት» አለ ቢረሳው። «ቀድሞ ለሞተው ሌላው እንዲናገርለት ተባብለን ነበር። ቤቴ ሰው የለም፤ ታውቃለህ።»

«አሁን ያንተን ማን ይዞታል?»

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር በአገጩ አሳየኝ። «እርሷ።»

ቁጭ አልኩ። ድንጋዩ ለሁለት ሰው ጠባብ ነው፤ ጥቂት ተገፋልኝ።

«ለእኔ ንገረኝ» አልኩት።

ገልመጥ አደረገኝ። «በምን ልትጽፈው?»

ይገባኛል። ከዚያም የባሰ ይገባኝ ነበር። «በምንም» አልኩ። ነገረኝ። ደገምኩት። አሁንም በል አለኝ። አልኩ። ስለ ገብሱ፣ ስለ ውርጩ ያወራኝና በመሀል ድንገት «በል!» ይለኛል። እላለሁ። ጌትነትና ሰዎቹ ባነራቸውን ጠቅልለው ሲያልፉ ሁለት ሽማግሌዎች አንድ ድንጋይ ላይ ተጣብቀን አዩን። በንቀት ዓይን አዩን። አውቀዋለሁ ያንን ዓይን፤ የእኔ ነው።

ቪዲዮው ተሠርቶ ስልኬ ላይ ተልኮልኛል። ሸጋ ነው። ለቅሶው አለ፣ ሳጥኑ አለ፣ የጌትነት እጅጌ አለ። ቢረሳው ግን ተቆርጦ ወጥቷል። እኔም አፌን ከፍቼ የቆምኩባት ቦታ ወጥታለች፤ ለእኔ አዝነው ሳይሆን ለባነሩ አይመችም ብለው ይሆናል። እኔ ግን ያችን መልሼ ባያት እወድ ነበር። ሰው ራሱን የሚንቅበት መልክ እንዴት እንደሆነ ማየት ጥሩ ነው።

እናንተ ይህን የምታነብቡ፣ መካሪ ነኝ አልልም፤ ከእኔ ምን ይመከራል። አሁንም በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ሰው እንቃለሁ፤ በዚህ ዕድሜ ልማድ አይጠፋም። ቤታችሁ አሮጊት ካለች ግን ዛሬ ሂዱና ስሟን ጠይቋት። ከነገረቻችሁና ከጠፋባችሁ «ጠፋኝ» በሏት። ትቆጣ ይሆናል፤ ትሰድባችሁ ይሆናል። ትድገምላችሁ ብቻ። እናና «ይዤዋለሁ» ስላት እያወቀች ዝም አለችኝ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ዝምታዋ ነው።

ወር በገባ ቁጥር ስልኬ ይጮኻል። የዲያቆኑ ቁጥር ነው።

«አያ ሙላት፣ ስሜ አለ?» ይለኛል ቢረሳው።

«አለ።»

«በል።»

ማኪናዬን አቆማለሁ። ደንበኛ ራሴ ላይ ቆሞ «ሱሪዬን» ቢልም አልሰማውም። ሰው እንዳይሰማ ወደ ግድግዳው ዞሬ እላለሁ።

«ሸጋ» ይልና ይዘጋል።